የአካባቢው ሰው ካልፈቀደስ? ስለ አሜሪካ የፌዴራል መሬት ጥበቃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላስ ቬጋስ ወይም ሶልት ሌክ ሲቲ የምትኖሩ ሰዎች፣ ከከተማው ትንሽ ወጣ ስትሉ የምትረግጡት መሬት አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ዋሽንግተን ይህን መሬት «ከዛሬ ጀምሮ ጥብቅ ነው» ባለች ቁጥር ያው አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ እዚህ የምንኖረውን ማን ጠየቀን? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው ለየት ይላል። በብዛት የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ ከታች መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ኤከር ሲባል ግራ እንዳይገባችሁ፣ 10 ኤከር 4 ሄክታር ያህል ነው።

የፌዴራል መሬት ሲባል ምን ያህል ነው?

ወደ 640 ሚሊዮን ኤከር ይጠጋል። ከአገሩ መሬት 28 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ክፍፍሉ ግን እኩል አይደለም። ኔቫዳ ውስጥ 80 በመቶው፣ ዩታ ውስጥ 63 በመቶ ያህሉ የፌዴራል ነው። አይዋና ኮኔቲከት ብትሄዱ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለምሥራቆቹ ነገሩ የዜና ወሬ ነው፤ ለምዕራቦቹ የጓሮ ጉዳይ ነው።

ፌዴራሉ ይህን መሬት ከስቴቶቹ የነጠቀው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ስቴቶቹ ሳይፈጠሩም በፌዴራሉ እጅ ነበር። በግዢ፣ በጦርነትና በውል የተያዘ፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወሰደ መሬት ነው። ከዚያ ለሰፋሪው፣ ለባቡር ኩባንያው፣ ለትምህርት ቤቱ እየተቆረሰ ሲሰጥ ኖረ። ደረቁና ገደላማው ፈላጊ አጥቶ ቀረ። ዩታ ስቴት ለመሆን ስትል፣ በ1894 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በዚህ ባልተሰጠ መሬት ላይ ለዘላለም የይገባኛል ጥያቄ እንደማታነሳ ቃል ገብታለች። ያም ሆኖ በ2024 ወደ 18.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ኤከር ላይ ጥያቄ አንስታ በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2025 አልቀበልም አላት፤ ለምን እንደሆነም አላብራራም።

ታዲያ መሬቱን ለመጠበቅ የአካባቢው ሰው ፈቃድ በሕግ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ በፌዴራል ንብረት ላይ ደንብ የማውጣትን ሥልጣን የሰጠው ለኮንግረስ ነው።

ይህን ያጠራው የአህዮች ክርክር ነው። በ1974 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ከብት አርቢ «የዱር አህዮች ከብቶቼን አስቸገሩብኝ፣ መኖውንም ጨረሱብኝ» ብሎ አቤት አለ። የስቴቱ የከብት ቦርድ 19 አህዮችን ከፌዴራል መሬት ላይ ሰብስቦ በጨረታ ሸጣቸው። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ «የማንን አህያ ነው የሸጣችሁት? መልሱ» አለ። ነገሩ እስከ ላይ ሄደ። በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለፌዴራሉ ፈረደ። የስቴት ሕግና የፌዴራል የመሬት ሕግ ከተጋጩ የፌዴራሉ ይጸናል ማለት ነው። ካውንቲና ከተማማ ከስቴትም በታች ናቸው።

ፕሬዚዳንቱ ብቻውን እንዴት በአንድ ፊርማ ይወስናል?

በ1906 በወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ነው። ፕሬዚዳንቱ በፌዴራል መሬት ላይ ያለን ታሪካዊ ወይም ሳይንሳዊ ፋይዳ ያለው ነገር «ብሔራዊ መታሰቢያ» ብሎ በአዋጅ መከለል ይችላል። ሕጉ አንድ ልጓም ብቻ አበጅቷል፦ ስፋቱ ለጥበቃው ከሚያስፈልገው ትንሹ መጠን እንዳይበልጥ። የአካባቢውን ሰው ጠይቁ የሚል ነገር የለበትም። የስብሰባ ግዴታ የለም። የአስተያየት ጊዜም የለም።

«ትንሹ መጠን» ምን ያህል ነው? ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1908 ከ800,000 ኤከር በላይ የሆነውን ግራንድ ካንየንን ከለለ። እዚያ የማዕድን ይዞታ አለኝ የሚል ራልፍ ካሜሮን የሚባል ሰው ነበር። ወደ ገደሉ በሚወርደው መንገድ ላይ ቆሞ ከመንገደኛ አንድ አንድ ዶላር የሚያስከፍል ሰው ነው። ተሟገተ፤ በ1920 ተረታ። ከዚያ ወዲህ በስፋት ምክንያት ፕሬዚዳንትን የረታ የለም።

ሰውን በጣም ያስቆጣው ግን የ1996ቱ ነው። ክሊንተን ዩታ ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ኤከር፣ ግራንድ ስቴርኬዝ ኤስካላንቴን፣ አወጀ። አዋጁን የፈረመው ዩታ ሄዶ አይደለም። ጎረቤት አሪዞና፣ ግራንድ ካንየን አፋፍ ላይ ቆሞ ነው። ምርጫ ሊደርስ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። የዩታ ባለሥልጣናት እስከ ዋዜማው ድረስ እርግጡን የሚነግራቸው አጡ። ካናብ በምትባለው ትንሽ ከተማ ሰዎች ጥቁር ፊኛ ወደ ሰማይ ለቀቁ። ቦታው መጠበቁን ብደግፍም፣ አሠራሩ ንቀት ነበር። ያ ቂም እስከ ዛሬ አልበረደም።

«ምክክር ተደርጓል» ሲባልስ?

ከፕሬዚዳንቱ አዋጅ ውጪ ላሉት ውሳኔዎች የመጠየቅ ግዴታ አለ። በ1976 የወጣው የፌዴራል መሬት ሕግ፣ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲያወጣ ሕዝብን እንዲያሳትፍና ከስቴትና ከካውንቲ ጋር እንዲናበብ ያዛል። ገዥው ዕቅዱ ከስቴቱ ዕቅድ ጋር ይጋጫል ካለ የመቃወሚያ 60 ቀን ይሰጠዋል። ከነባር ሕዝቦች መንግሥታት ጋር ደግሞ እንደ መንግሥት ለመንግሥት መነጋገር ይጠበቃል።

ሁሉም ግን ጠይቆ መስማት ነው። ሰምቶ «እሺ፣ አልስማማም» ማለት ይቻላል።

ፈቃድ የግድ የሚሆንበት ቦታ ጭራሽ የለም?

አለ፣ ግን ጥቂት ነው።

ዋዮሚንግ አንዷ ናት። በ1943 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጃክሰን ሆልን ሲከልል አርቢዎቹ ተቆጡ። የሆሊውዱ ተዋናይ ዋላስ ቢሪ ጭምር የታጠቁ ፈረሰኞች ሆነው፣ ያለ ፈቃድ ከብቶቻቸውን በክልሉ መሐል ነዱ። በ1950 ስምምነት ተደረሰ። ክልሉ ወደ ግራንድ ቲቶን ፓርክ ገባ፤ በምላሹ ዋዮሚንግ ውስጥ ያለ ኮንግረስ ይሁንታ አዲስ ብሔራዊ መታሰቢያ እንዳይታወጅ ሕግ ወጣ። ከዚያ የከብት ሰልፈኞች አንዱ፣ ኋላ ገዥም ሴናተርም የሆነው ክሊፍ ሃንሰን፣ የዚያን ጊዜ መሸነፋችን ደግ ሆነ ብሎ ተናግሯል። አላስካም ተመሳሳይ ነገር አግኝታለች፦ ካርተር በ1978 ወደ 56 ሚሊዮን ኤከር ካወጀ በኋላ፣ በ1980 የወጣው ሕግ ከ5,000 ኤከር በላይ የሆነ ክለላ በአንድ ዓመት ውስጥ በኮንግረስ ካልጸደቀ እንዲቀር አደረገ። ልብ በሉ፣ በሁለቱም ቦታ የሚጠየቀው ኮንግረስ እንጂ መንደሩ አይደለም።

እውነተኛ የአካባቢ ፈቃድ የምለው አሪዞና ውስጥ ያለውን ካንየን ዴ ሼይን ነው። በ1931 ሲከለል ናቫሆ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ምክር ቤት ተጠይቆ ተስማምቷል። መሬቱ ዛሬም የናቫሆ ነው። ፓርክ ጠባቂው የፌዴራል ሠራተኛ ነው፤ ከገደሉ ሥር ግን የናቫሆ ቤተሰቦች አሁንም ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ።

ቤርስ ኢርስ ላይ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ምንድን ነው? የአካባቢው ሰው ፈልጎታል ወይስ አልፈለገውም?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የነገሩ እምብርት ያለው እዚህ ነው።

ቤርስ ኢርስ የሚባለው ብሔራዊ መታሰቢያ ዩታ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሳን ሁዋን ካውንቲ ውስጥ ነው። ካውንቲው የኒው ጀርሲ ስቴትን ያህል ይሰፋል፤ ነዋሪው ግን 15,000 ገደማ ነው። በግል የተያዘው መሬት 8 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ አብዛኞቹ ናቫሆ። በ2015 አምስት ጎሳዎች ማለትም ናቫሆ፣ ሆፒ፣ ዙኒ እና ሁለት የዩት ጎሳዎች ተባብረው ቦታው ይጠበቅልን አሉ። በገደሉ ውስጥ የአያቶቻቸው ቤት፣ መቃብርና የድንጋይ ላይ ሥዕል አለ። መቃብር እየቆፈረ ዕቃ የሚሸጥ ሌባ ለዘመናት አስቸግሯል።

በጁላይ 2016 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሳሊ ጄዌል ብላፍ በምትባል የጥቂት መቶ ሰዎች መንደር ስብሰባ ጠራች። በዚያ ሙቀት ከ1,000 በላይ ሰው መጣ። ደጋፊም ተቃዋሚም መፈክር የተጻፈበት ቲሸርት ለብሶ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ቀኑን ዋለ። ተቃዋሚዎቹ ነጭ አርቢዎች ብቻ አልነበሩም። ራሷ ናቫሆ የሆነች የካውንቲው ኮሚሽነር በግንባር ትቃወም ነበር። የማገዶ ነገር ያሳሰባቸው ናቫሆዎችም ነበሩ፤ ክረምቱን በእንጨት ምድጃ የሚያሳልፍ ቤት ብዙ ነው። በዲሴምበር 2016 ኦባማ 1.35 ሚሊዮን ኤከር ሲያውጅ፣ ማገዶ መልቀምና መድኃኒት መንቀል እንደማይከለከል አዋጁ ውስጥ ተጻፈ።

የካውንቲው ምክር ቤት አምርሮ ተቃወመ። የዩታ ገዥም፣ ሴናተሮቹም እንደዚያው። ስለዚህ ዜናው «የአካባቢው ሰው አልፈለገም» ሆነ።

ግን ያ ምክር ቤት ማንን ነበር የሚወክለው? ሦስት ኮሚሽነሮች አሉት። የምርጫ ክልሎቹ የተሰመሩት ናቫሆዎቹን አንድ ክልል ውስጥ አጭቀው ነበር። ግማሽ ሕዝብ፣ አንድ ወንበር። የናቫሆ ብሔር በ2012 ከሰሰ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤትም ካርታው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፣ አዲስ አሠመረ። በነገራችን ላይ ዩታ ውስጥ በሪዘርቬሽን፣ ማለትም ለእነሱ በተከለለ መሬት፣ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች የመምረጥ መብታቸውን ያገኙት በ1957 ነው።

በ2018 በአዲሱ ካርታ ምርጫ ሊደረግ ሲል ዊሊ ግሬይአይስ የሚባል ናቫሆ ተወዳደረ። የካውንቲው ጸሐፊ «አንተ የምትኖረው አሪዞና ነው» ብሎ ከዕጩዎች ዝርዝር ሰረዘው። ሰውየው የናቫሆ ተራራ አካባቢ ሰው ነው። ከዚያ ወደ ካውንቲው ዋና ከተማ ሞንቲሴሎ የሚወስድ ቀጥተኛ መንገድ የለም፤ አሪዞና ገብቶ ዞሮ መውጣት ግድ ነው። የፌዴራል ዳኛ ወደ ዝርዝሩ መለሰው። አሸነፈ። ከሦስቱ ወንበር ሁለቱ የናቫሆ ሆነ። በ2019 ያው ምክር ቤት፣ በዚያው ካውንቲ ስም፣ ቤርስ ኢርስን ደግፎ ውሳኔ አሳለፈ። በ2022 ምርጫ ደግሞ አብላጫው ተመልሶ ተገለበጠ።

እንግዲህ ካውንቲው ፈቀደ ወይስ አልፈቀደም? መሬቱ ያው ነው፣ ሰዉም ያው ነው። የተቀየረው መስመሩ ነው። «የአካባቢ ፈቃድ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ተቆጠረ ብዬ ነው።

ጥብቅ ከሆነ በኋላ አርቢው ከብቱን ያስወጣል?

በአብዛኛው አያስወጣም። ነባር የግጦሽ ፈቃድ ይቀጥላል፣ አደን በስቴቱ ሕግ ይቀጥላል፣ ቀድሞ የተገኘ የማዕድን መብትም ይከበራል። የሚቆመው አዲስ ማዕድንና አዲስ ቁፋሮ ነው። ባለቤትነትም አይለወጥም፤ ቀድሞም የፌዴራል ነበር። «መሬታችንን ቀሙን» የሚለው አነጋገር የሚያስኬደው ለዚህ አይደለም።

የሚጎዳ ግን አለ። ዩታ ውስጥ ለትምህርት ቤቶች ገቢ የተመደቡ ቁራሽ መሬቶች እዚህም እዚያም በክልሉ መሐል ተውጠው ይቀራሉ። በ1996ቱ አዋጅ ይህ ደርሷል። በ1998 ኮንግረስ መሬቱን በሌላ መሬትና በ50 ሚሊዮን ዶላር አካክሶላቸዋል። ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ሥራ ጠብቆ የነበረ ሰው ግን ካሣ የለውም።

እምቢ ማለት ዋጋ አለው?

አንዳንዴ። ሜይን ውስጥ ኢስት ሚሊኖኬትና ሜድዌይ የተባሉ ሁለት ከተሞች በ2015 ድምፅ ሰጥተው «ፓርክ አንፈልግም» አሉ። በዓመቱ ኦባማ 87,500 ኤከር አወጀ፤ መሬቱ በስጦታ የመጣ ነበር። የአዋጅ ተቃዋሚ ብቻ አይደለም ጆሮ ዳባ ልበስ የሚባለው። በ2017 ትራምፕ ብሔራዊ መታሰቢያዎቹ ይከለሱ ሲል ከ2.8 ሚሊዮን በላይ አስተያየት ገባ፤ እጅግ የሚበዛው አትንኳቸው የሚል ነበር። ቤርስ ኢርስ በ85 በመቶ፣ ግራንድ ስቴርኬዝ በግማሽ ገደማ ተቆረጡ። አምስቱ ጎሳዎችም አልፈቀዱም ነበር።

የተሳካው መንገድ ቀርፋፋው ነው። አይዳሆ ውስጥ የሪፐብሊካኑ ተወካይ ማይክ ሲምፕሰን ከአርቢው፣ ከሞተር ነጂውና ከተፈጥሮ ተሟጋቹ ጋር 15 ዓመት ገደማ ተደራድሮ፣ በ2015 የ275,000 ኤከር ጥብቅ ምድር ሕግ አስወጣ። ኮንግረሱን ያነቃው ግን ኦባማ «ካላወጣችሁ እኔ አውጃለሁ» የሚል ምልክት ማሳየቱ ነው። ዱላው ባይኖር ድርድሩ ዛሬም አያልቅም ነበር።

ፕሬዚዳንት በተቀየረ ቁጥር ይገለባበጣል?

እንደዚያ እየሆነ ነው። ትራምፕ የቆረጠውን ባይደን በኦክቶበር 2021 መለሰው፤ በ2022 ደግሞ አምስቱ ጎሳዎች ቤርስ ኢርስን አብረው እንዲያስተዳድሩ መንግሥቱ ከእነሱ ጋር ተፈራረመ። ዩታ ከሰሰች፤ በ2023 ክሱ ውድቅ ተደረገ፣ ይግባኝም ተባለ። ከ1938 ጀምሮ የነበረው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቋም ፕሬዚዳንት መከለል እንጂ መሰረዝ አይችልም የሚል ነበር። በ2025 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ያንን ሽሮ ይችላል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እስካልበየነ ድረስ ይህ የመንግሥት ጠበቆች አስተያየት ነው።

ለካውንቲዎች የመከልከል መብት ቢሰጥ አይሻልም?

እኔ አይመስለኝም። መሬቱን የሚከፍልለት ፍሎሪዳ ያለው ግብር ከፋይም ነው፤ በ15,000 ሰው ካውንቲ ሁለት ኮሚሽነሮች እጅ ሙሉ ቁልፍ መስጠት ይከብዳል። በተቃራኒው ሰው ሳያማክሩ እንደ 1996ቱ መፈረም ሕጉ ቢፈቅድም አይገባም። አዋጅ ከመፈረሙ በፊት ቢያንስ የጽሑፍ ረቂቅ፣ ካርታና በቦታው የሚደረግ ስብሰባ በሕግ ግዴታ ቢሆን ደስ ይለኛል። አባቶቻቸው የተቀበሩበት ሕዝቦች ደግሞ ከአንድ ተራ አስተያየት ሰጪ እኩል ሊቆጠሩ አይገባም።

ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው። እኔን ይነካኛል?

በደንብ ነው እንጂ! በበጋ ከሙቀቱ ሸሽታችሁ የምትወጡበት ማውንት ቻርልስተን የፌዴራል ነው። ሬድ ሮክ የፌዴራል ነው። በ1998 በወጣ ሕግ መንግሥት በከተማው ዙሪያ ያለውን መሬት በጨረታ ይሸጣል። ከሽያጩ 5 በመቶ ለስቴቱ ትምህርት፣ 10 በመቶ ለውኃ፣ ቀሪው ለመናፈሻና ለመሬት ጥበቃ ይሄዳል። ዳር አካባቢ አዲስ ቤት የገዛችሁ፣ ግቢያችሁ በቅርቡ የፌዴራል በረሃ የነበረ ሊሆን ይችላል።

በማርች 2023 ባይደን ከከተማው በስተ ደቡብ ከ500,000 ኤከር በላይ የሆነውን አቪ ክዋ አሜን አወጀ። ለሞሐቬና ለሌሎች ጎሳዎች የተቀደሰ ተራራ ነው። ይህኛው ከ1996ቱ ጋር አይመሳሰልም። ጎሳዎቹ፣ ቦልደር ሲቲ፣ ሰርችላይትና ላፍሊን ቀድመው ደግፈውታል። ገዥው ጆ ሎምባርዶ ግን ተቃወመ። ያኔም ቢሆን ሁሉም አልተስማማም ማለት ነው።

ዜግነት የለኝም። አስተያየት መስጠት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። አስተያየት ምርጫ ስላልሆነ ዜግነት የሚጠይቅ የለም። ቢሮው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲያወጣ ረቂቁንና የመጨረሻውን ቀን በድረ ገጹ ያስታውቃል። «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ብቻ ብሎ መላክ ብዙም አይረዳም። መንገዱን፣ ምንጩን፣ የምትሰፍሩበትን ሜዳ በስም ጥሩ፤ ዕቅዱ የትኛው ገጽ ላይ እንደተሳሳተ ጻፉ። ያን ዓይነቱን አስተያየት መሥሪያ ቤቱ ሊያጤነው ይገባል፤ ኋላ ክስ ቢመጣም መዝገቡ ውስጥ ይገኛል። እንግሊዝኛው ካልተመቻችሁ ልጆቻችሁን አስጽፉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የላካችሁት ሁሉ ለሕዝብ ይፋ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የቤት አድራሻችሁንና ስልካችሁን ጽሑፉ መሐል አታስገቡ።